ለወጣ ሰው የተሰጠ ድምፅ

ጋሽ ደርበው ማረፋቸውን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ከአዲስ አበባ የደወለችልኝ የእህታቸው ልጅ ትዕግስት ናት።

"ጋሼ አረፉ" አለችኝ።

"መቼ?"

"ትናንት ጠዋት። ተቀብረዋል።"

የምሠራው አትላንታ አጠገብ፣ ስቶን ማውንቴን አካባቢ ባለ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ይዤ በእጄ ክኒን እየቆጠርኩ ነበር። ቆጠራው ጠፋብኝና እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አልኳት። "አሜን፣ አንቺንም" አለች። ተሰነባበትን። ክኒኖቹን ቆጥሬ ጨረስኩ፤ ጠርሙሱ ላይ ስም ለጠፍኩ፤ ለባለቤቱ ሰጠሁት። ሰውየው አመሰግናለሁ ብሎኝ ሄደ። ማታ ለእናቴ ስነግራት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ውሃ ቀዳሁላት። የሞተው ሌላ ሰው፣ የማላውቀው ሰው ይመስል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚሁ ነኝ። እበላለሁ፤ እተኛለሁ፤ ሥራ እገባለሁ። ስለ ጋሽ ደርበው ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ሐዘን ገንፍሎብኝ አይደለም። ማን እንደነበሩና ምን እንደደረሰባቸው አንድ ቦታ ተጽፎ እንዲቀመጥ ብዬ ነው።

እኔና እናቴ አትላንታ ስንመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስቶን ማውንቴን የተከራየነው አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ጋሽ ደርበው ከበታቻችን ነበሩ። ከካርቱም በስደተኝነት የመጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ረጅምና ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው። ሥራቸው ሸትል መንዳት ነበር። ሰዎች መኪናቸውን ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የፓርኪንግ ግቢ ያቆማሉ፤ ጋሽ ደርበው ከነሻንጣቸው ተርሚናሉ በር ያደርሷቸዋል፤ የተመለሱትን ደግሞ ይዘው ይመጣሉ። ያችኑ መንገድ ቀኑን ሙሉ ሲዞሯት ይውላሉ። "አሰልቺ አይደለም?" ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። "መንገዱ አንድ ነው፤ ሰዉ ግን ይለያያል" አሉኝ።

ተሳፋሪ ሁሉ ላይ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ሻንጣውን በሁለት እጃቸው፣ ሕፃን ልጅ እንደሚያነሱ አድርገው ያነሱና "ከየት ስቴት ነው?" ይላሉ። ሰዉም ይነግራቸዋል። ስለ ወላጆቹ፣ ስለ ከተማው፣ ስለ በረዶው ያወራላቸዋል። እሳቸውም ሁሉንም ያስታውሳሉ። ከምንኖርባት ከጆርጂያና ወደ ዘመድ ለቅሶ አንዴ ከሄዱባት ከቴነሲ ሌላ አንድም ስቴት ረግጠው አያውቁም፤ ነገር ግን ስለ ሁሉም ይናገሩ ነበር። የሚኒሶታ ሰው ሶስት ጊዜ ተሰናብቶ ነው የሚወርድ ይላሉ። የኦሃዮ ሰው ቲፕ ሲሰጥ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። የኒውዮርኩ መኪናው ሳይቆም ቆሞ ይጠብቃል።

ቅዳሜ ጠዋት እኛ ቤት ይመጣሉ። ተሳፋሪ ጥሎት የሄደውን ጋዜጣ ሳምንቱን ሙሉ ሰብስበው፣ አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ነው የሚመጡት። በምርጫ ዓመት ደግሞ ጋዜጣው ይበዛል። ሌላው ሰው የአውሮፓ ኳስ እንደሚከታተለው እሳቸው የየስቴቱን ፕራይመሪ ይከታተሉ ነበር። እናቴ ነገሩ ግራ ሲገባት እንዲህ ብለው አስረዷት፦

"ፕራይመሪ ማለት ሠርጉ አይደለም። ሽማግሌ የሚላክበት ጊዜ ነው። ከየወገኑ ማን እንደሚቀርብ ገና አልታወቀም። እያንዳንዱ ስቴት ተራው ሲደርስ በሩን ይከፍትና 'እስኪ ግቡ፣ ማን ናችሁ?' ይላል። መጀመሪያ አዮዋ፤ ቀጥሎ ኒው ሃምፕሻየር።"

"ጆርጂያስ?" አለች እናቴ።

"ጆርጂያ ከብዙዎቹ ጋር በአንድ ማክሰኞ ናት። ግፊያ ነው።"

ውጤት ሲመጣ ከላይ አይጀምሩም። ከታች ነው የሚያነቡት። አንድ በመቶ፣ ከአንድ በመቶ በታች ያገኙትን ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። "አንደኛ የወጣውንማ ሁሉም አየው" አሉ አንድ ቀን። "ይሄ መጨረሻ የሆነው ሰው ግን ዛሬ ጠዋት ምን ብሎ ተነሳ? ሚስቱ ምን አለችው? እሱን የሚጽፍ ጋዜጣ አላየሁም።" እናቴ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም፤ የምር ማወቅ ፈልገው ነበር።

የሆነው የሆነው ከጥቂት የፕሬዚዳንት ምርጫዎች በፊት ነው። የፋርማሲ ትምህርት የጀመርኩበት ዓመት ነበር። ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ለምርጫ እንመዘግብ ነበር። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ አንድ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን፣ ፎርም ደርድረን፣ የሚያልፈውን ሁሉ እንጠራለን። አማርኛ የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሐበሻው ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። በራሴ ተደስቼ ነበር። አንድ ፎርም በሞላሁ ቁጥር አንድ ትልቅ ነገር የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ደርበው የስልክ ካርድ ሊገዙ መጡ። ብርድ ነበር፤ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተዋል። ጠረጴዛው አጠገብ ቆም አሉ።

"ይሄ ምንድን ነው ልጄ?"

"የመራጭ ምዝገባ ነው ጋሼ። ይመዝገቡ እንጂ!"

"እኔም እችላለሁ?"

"ወረቀትዎ አልቋል አይደል?"

"ኧረ ከስንት ዓመቱ! አልቋል።"

"እንግዲያው ይችላሉ።"

ያለው ነገር ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ አልተነጋገርንም።

ወረቀት የምንለው ነገር በእኛ አፍ ብዙ ነው። ጥገኝነት የተፈቀደለትም ወረቀት አገኘ ይባላል፤ ግሪን ካርድ የመጣለትም ወረቀቱ አለቀ ይባላል፤ ለዜግነት ምሎ ሲቲዝን የሆነውም እንደዚሁ። እኔና እናቴ ከምለን ቆይተናል። ለእኔ ወረቀቱ ያለቀ ሰው ማለት ሲቲዝን ማለት ነበር። ለጋሽ ደርበው ግን ወረቀት ማለት ግሪን ካርዳቸው ነበር። ቋሚ ነዋሪ ይላል ካርዱ፤ ቋሚ ማለት ደግሞ ለእሳቸው ቋሚ ነው፤ ከዚያ በላይ ምን ያስፈልጋል። የዜግነቱን ፈተና ፈርተው ሲያስተላልፉት እንደኖሩ ያወቅኩት በኋላ ነው። የሃምሳውን ስቴት ፕራይመሪ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው፣ ፈረንጅ ፊት ቁጭ ብሎ መጠየቅ ያስፈራቸው ነበር።

ፎርሙ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የአሜሪካ ዜጋ ነዎት ወይ ይላል። አላነበብኩላቸውም። 'አዎ' የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩና ወደ ስማቸው አለፍኩ። አድራሻቸውን ነገሩኝ፤ ጻፍኩ። "እዚህ ጋ ይፈርሙ" አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው ፈረሙ። ብዕሩን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የመራጭ ካርዳቸው በፖስታ መጣ። እንዴት እንዳለፈ እስካሁን አይገባኝም። አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው ወይም አንድ ኮምፒውተር ማስቆም ነበረበት። አላስቆመም።

የፕራይመሪው ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስደው፣ ሱፍ ለብሰው ሄዱ። ምርጫ ጣቢያው ሰፈራችን ያለ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። የሚቀጥለው ቅዳሜ መጥተው ሁሉንም ተረኩልን።

"ገና ከመግባቴ ሴትየዋ ወረቀት ሰጠችኝና 'የየትኛውን ፓርቲ ነው የሚፈልጉት?' አለችኝ። በሰው ፊት! ድምፅ ሚስጥር ነው ይላሉ፤ ታዲያ የማን ወገን ነህ ብለው ይጠይቃሉ?"

"ምን አሏት?" አልኩ።

"ሁለቱንም ስጭኝ አልኳት።"

እናቴ በሳቅ ሞተች። እሳቸውም በዚህኛው ሳቁ።

"አይቻልም፣ አንዱን ነው አለችኝ። አንዱን አልኩ። የቱን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ለሷም የነገርኳት ስለጠየቀችኝ ነው። ከዚያ ቢጫ ካርድ ሰጡኝ፤ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት፤ ስሞቹ መጡ።"

"እና ለማን ሰጡ?"

"ለአንድ ለወጣ ሰው።"

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። አንዳንድ ተወዳዳሪዎች ውድድሩን ካቆሙ በኋላም ስማቸው ማሽኑ ላይ ይቀራል፤ ቀድሞ ስለተዘጋጀ ነው። ጋሽ ደርበው ድምፃቸውን የሰጡት ከዚያ በፊት ለተሸነፈና ለቅቄያለሁ ብሎ ለተናገረ ሰው ነበር።

"ባከነ በሉኛ! ጋሼ፣ ሰውየው እኮ የለም።"

"መውጣቱን አውቃለሁ። እኔ ራሴ ነኝ ጋዜጣ ላይ ያነበብኩልሽ። ግን ዓመቱን ሙሉ በየስቴቱ ሲዞር፣ የሰው እጅ ሲጨብጥ ከርሟል። አንድ ሰው 'በል ደህና ሁን' ሊለው አይገባም?"

የሰውየውን ስም ሊነግሩኝ አልፈለጉም፤ ነገር ግን ውጤቱን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። የካውንቲው ውጤት በየምርጫ ጣቢያው ተለይቶ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። የእሳቸውን ጣቢያ ፈልጌ ስልኬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ወደ ታች ወረዱ። አንድ ስም ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አጠገቡ ያለው ቁጥር አስር አይሞላም።

"ከነዚህ ውስጥ አንዱ እኔ ነኝ" አሉ። ከዚያ "ሌሎቹ እነማን ይሆኑ?" አሉ።

በሕይወታቸው ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ድምፅ የሰጡት። ያው ነው።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ እናታቸው አዲስ አበባ ሞቱ። ጋሽ ደርበው ሄደው ዋናው ምርጫ ካለፈ በኋላ ተመለሱ። ሲመለሱ ልባቸው ተቀይሮ ነበር። ኤርፖርቱ ውስጥ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያደርሱበት በኖሩት ኤርፖርት፣ የሲቲዝኖቹ ሰልፍ በአንድ በኩል ሲሄድ እሳቸው በሌላ በኩል ቆዩ። ፈተናውን ለመፈተን የወሰኑት ያኔ ነው። ለእኔ አልነገሩኝም። እኔ ለልምምድ ሌላ ከተማ ነበርኩ፤ ደግሞ ምለው ሲመጡ በድንገት ሊያስደስቱን ፈልገው ነበር። ማመልከቻውን ብቻቸውን፣ መዝገበ ቃላት አጠገባቸው አድርገው ሞሉ። ድምፅ ሰጥተው ያውቃሉ ወይ ለሚለው ጥያቄ 'አዎ' ብለው መለሱ። እውነት ነዋ።

የኢንተርቪውን ቀን በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። የጠየቃቸው ሰው ጨዋ ነበር። የታሪክ ጥያቄውን ሁሉ መለሱ። ፍርሃታቸው ለቀቃቸው። ከዚያ ሰውየው ማመልከቻውን እያገላበጠ "በአሜሪካ ምርጫ ድምፅ ሰጥተው ያውቃሉ?" አላቸው።

"አዎ!" አልኩት አሉ፣ "የመራጭ ካርዴንም ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር።"

ሰውየው መጻፉን አቆመ። ጥያቄውን እንደገና፣ ቀስ ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም እንደገና አዎ አሉ። ወጥቶ ከሌላ ሰው ጋር ተመለሰ። ያሉትን በጽሑፍ አስፍሮ አስፈረማቸው።

ደብዳቤው ሲመጣ እኔ ለዊክኤንድ ቤት ነበርኩ። ጋሽ ደርበው ደረጃውን ወጥተው መጡና ሰጡኝ። ሁለት ወረቀት ነው። አንዱ ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል ይላል። ሁለተኛው ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቅረቡ ይላል።

"ጋሼ" አልኳቸው፣ "ሲቲዝን አልነበሩም እንዴ?"

"ግሪን ካርድ አለኝ። ወረቀቴ አልቋል አላልኩሽም?"

እናቴ ከአንዳችን ወደ አንዳችን አየች። "ምንድን ነው የሚለው?"

"ድምፅ በመስጠታቸው ከአገር ሊያስወጧቸው ይችላሉ" አልኳት።

"ድምፅ መስጠት ምን ጥፋት አለው?"

"ሲቲዝን ላልሆነ ሰው አይፈቀድም፣ እማዬ።"

"ካርዱን የላኩልኝ እነሱ ራሳቸው አይደሉ?" አሉ ጋሽ ደርበው። ደብዳቤውን ተቀብለውኝ በነበረበት እጥፋት አጠፉት። ያን ጊዜ ጠረጴዛው፣ ብርዱ፣ 'እንግዲያው ይችላሉ' ያልኩት ሁሉ እንደታወሳቸው ከፊታቸው ላይ አየሁ። አንቺ ነሽ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"ትምህርቱ ስንት ቀረሽ?" አሉኝ።

"አንድ ዓመት።"

"በርቺ" ብለው ወረዱ።

እናቴ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች በኩል ጠበቃ አገኘችላቸው። ቢሮዋ ዲኬተር ነበር። የጋሽ ደርበው እንግሊዝኛ ለሸትል ይበቃል፤ ለፍርድ ቤት አይበቃም፤ ስለዚህ እኔ አስተረጉምላቸው ነበር። ፓርኪንግ ስለሚያስቸግር በባቡር ሄድን። ጠበቃዋ ፀጉሯን ያሳጠረች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። የምዝገባ ፎርሙን ኮፒ አስመጥታለች። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሳጥኑ ላይ ያደረግኩት ምልክት አለ፤ ከሥሩ የእሳቸው ፊርማ አለ።

"ይሄን እሳቸው እንዳልሞሉት ያስታውቃል" አለች። "የሞላላቸው ሰው ይህን ሳያነብላቸው አስፈርሟቸው ከሆነ፣ ያ ሰው መጥቶ እንዲህ ነበር ብሎ ቢናገር፣ ያለን ትልቁ ተስፋ እሱ ነው። ማን እንደሞላላቸው ጠይቂልኝ።"

ወደ ጋሽ ደርበው ዞርኩ።

"ፎርሙን ማን ነው የሞላልዎት ትላለች" አልኳቸው።

አዩኝ። የተቆጣ ሰው አስተያየት አልነበረም። ምን እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ስም አላገኘሁለትም።

"አላስታውስም በያት" አሉ።

"ጋሼ..."

"አላስታውስም በያት፣ ልጄ። ጠረጴዛ የዘረጉ ልጆች ነበሩ። ብዙ ናቸው።"

ጠበቃዋ ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች። "አያስታውሱም" አልኳት በእንግሊዝኛ። "ጠረጴዛ የዘረጉ ብዙ ወጣቶች ነበሩ ይላሉ።" ጻፈችው። ትርጉሜ ትክክል ነበር። አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ አንድ ቃል አላጎደልኩም።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። "ለምን?" አልኳቸው።

"የፋርማሲ ላይሰንስሽን የሚሰጡሽ መቼ ነው?"

"ፈተናውን ካለፍኩ በሚቀጥለው ሰመር።"

"ታዲያ" አሉ።

ከፊታችን ትልቅ ሻንጣ የያዘች ሴት ተቀምጣ ነበር። ጋሽ ደርበው ወደሷ ጎንበስ አሉና "ከየት ስቴት ነው?" አሏት። ከኔብራስካ ነኝ አለች። ወሬውን ሳይጨርሱ መውረድ ያልፈለጉ ይመስል መውረጃችንን ሊያሳልፉን ነበር።

ብናገር ምንም እንደማልሆን የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ሳላውቅ ነው የሞላሁት፤ ስህተት ነው፤ ለስህተት ላይሰንስ የሚነፍግ የለም። ያኔ ግን ይሄን አልጠየቅኩም። ለመጠየቅ ራሱ ፈራሁ። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ይተላለፋል፤ ደግሞ ይተላለፋል። በእያንዳንዱ ቀጠሮ በሚቀጥለው እናገራለሁ እላለሁ። ጉዳዩ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። በመሃሉ ተመረቅኩ። ፈተናውን አለፍኩ። ላይሰንሴ በፖስታ መጣ። ጋሽ ደርበው እንኳን ደስ ያለሽ ብለው አበባ ገዝተውልኝ መጡ። ከላይሰንሱ በኋላም አልተናገርኩም። የምፈራው ነገር አልቆ ነበር፤ ግን ዝም ማለቱን ለምጄው ነበር። ይሄን ለእናቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም።

በመጨረሻ ጠበቃዋ እንዳይጠብቁ መከረቻቸው። ዳኛው ከወሰነባቸው ተባረው ነው የሚሄዱት። በራሳቸው ፈቃድ እሄዳለሁ ቢሉ ግን ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ መዝገባቸውም ላይ መባረር አይጻፍም። ጋሽ ደርበው ብዙ አላሰቡም። "እኔም ውድድሩን አቆምኩ" አሏት እናቴን። እናቴ ለመሳቅ ሞክራ አልቻለችም።

ዕቃቸውን ለጎረቤት አከፋፈሉ። የሸትሉ አለቃቸው ግብዣ አደረገላቸው፤ ለምን እንደሚሄዱ ግን አልነገሩትም፤ ጡረታ ነው አሉት። የሄዱ ቀን ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ የቱን ሌይን እንደምይዝ ሲነግሩኝ ነበር። ተርሚናሉ በር ላይ ቆምኩና ሻንጣቸውን ለማውረድ ስታገል "ጉልበትሽን አጠፍ አድርጊ እንጂ፣ ወገብሽን ትጎጃለሽ" አሉኝ። ሁለቱ ሻንጣዎች መሬት ላይ ሆኑ። አሁን ነው አልኩ።

"ጋሼ፣ ያን ቀን እኔ..."

"የቆምሽበት አይፈቀድም" አሉኝ። "ያው ፖሊሱ እየመጣ ነው። ሂጂ፣ ልጄ፣ ይቀጡሻል።"

ፖሊሱ እውነትም እጁን እያወዛወዘ ይመጣ ነበር። ግንባሬን ሳሙኝ። መኪና ውስጥ ገባሁ። በመስታወት ሳይ ሻንጣቸውን እየገፉ ሲገቡ ጀርባቸውን አየሁ፤ ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋብኝና ሄድኩ።

አዲስ አበባ እህታቸው ቤት ገቡ። እትዬ ወርቄና ልጃቸው ትዕግስት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላቸው፤ ጋሽ ደርበው እዚያ ቁጭ ብለው ይውሉ ነበር። በየወሩ እደውላለሁ። ስኳር ይዟቸው ስለነበር መድኃኒት በሰው እልካለሁ። ምርጫ ሲመጣ እሳቸው ናቸው የሚጠይቁኝ።

"ሳውዝ ካሮላይና ምን አለች?"

እነግራቸዋለሁ። ከታች ጀምሬ።

"አንቺስ፣ መረጥሽ?"

"አዎ፣ መረጥኩ።"

"ለማን?"

"ሚስጥር ነው ጋሼ።" ይሄኔ ይስቃሉ። ውሸቴን ነበር። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ ምርጫ ጣቢያ ገብቼ አላውቅም። አዳራሹ በር ድረስ ሄጄ ፓርክ አድርጌ፣ ትንሽ ቁጭ ብዬ የተመለስኩበት ጊዜ አለ።

አርባቸው በወጣ ቀን ለትዕግስት ደወልኩ። የምሳ ሰዓቴ ነበር፤ ፋርማሲው ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ላይ ተቀምጫለሁ። እዚያ መሽቷል። ከኋላዋ የወንበር ድምፅ ይሰማል፤ ለአርባው የመጣው ሰው እየተበተነ ነው።

"ትዕግስት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" አልኳት። "የጋሼን ፎርም የሞላሁት እኔ ነኝ። ያን የምርጫውን። እኔ ነኝ የሞላሁት።"

ከዚያ በኋላ ምን እንደጠበቅኩ አላውቅም።

"እሱንማ እናውቃለን" አለች።

"እንዴት?"

"የመጡ ሳምንት ነግረውናል። 'አንዲት ልጅ ትደውላለች፤ የሞላችልኝ እሷ ናት፤ ልጅ ነበረች፤ ስትደውል ደህና አድርጋችሁ አነጋግሯት፤ ነገሩን አታንሱባት' አሉን።"

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ትዕግስት ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ ልጇ ትምህርት ስታወራኝ ታውቅ ነበር። "እናትሽስ?" አልኩ።

"እውነቱን ልንገርሽ? እማዬ ስልኩ ላይ የአንቺን ቁጥር ስታይ ለእኔ ነው የምትሰጠኝ። አንድም ቀን አንስታልሽ አታውቅም። አላስተዋልሽም?"

አስተውዬ ነበር። ጓዳ ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ተኝታለች ሲሉኝ እሺ እል ነበር።

"ስጭኝ" አልኳት።

"አሁን?"

"አሁን።"

ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ትዕግስት በሩቅ ትናገራለች። መልስ የለም። ደግማ ትናገራለች። እትዬ ወርቄ ይዘጉታል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢዘጉትም እንደማይገርመኝ አሰብኩ። ከዚያ የእግር ድምፅ መጣና አንድ ሰው ስልኩ ውስጥ ተነፈሰ።

"እትዬ ወርቄ፣ ሶስና ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ። ድምፃቸው የወንድማቸውን ይመስላል። "ወንድሜን ስንት ጊዜ ጠየቅኩት። ምን ብላህ ነው የፈረምክ? አላየህም ወይ? አልጠየቅካትም ወይ? አልነግርሽም ብሎኝ ሞተ።"

"እሺ።"

"እሱ የለም እንግዲህ። አንቺ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።"

"ትቆጪኛለሽ፣ እትዬ" አልኩ፤ እርስዎ ማለቱ ጠፋብኝ።

"ልቆጣም እችላለሁ" አሉ። "ቁጭ ብያለሁ። ተናገሪ።"

ተናገርኩ። የምሳ ሰዓቴ አለቀ፤ ስልኬ ላይ ከፋርማሲው ሁለት ጊዜ ተደወለ። አላነሳሁትም። እሳቸው ያዳምጡ ነበር፤ እኔም ገና አልጨረስኩም ነበር።